እስከ ገና የቆየው ኩኪስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞች ስለ ጾመ ነቢያት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ጾሙ መቼ እንደሚገባና ለምን እንደተሠራ እንደ ልማዳችን በቅደም ተከተል ማቅረብ ነበር። ይህንን ግን ከእኔ በፊት ብዙዎች አሳምረው ጽፈውታልና በአጭሩ ልለፈው። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ይገባል። አርባው ቀን ነቢያት የጌታን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙትን የምናስብበት ነው። ሦስቱ ቀን በግብጽ የሙቀጠም ተራራ በጸሎት ከፈለሰበት ከአባ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ገሃድ ሲሆን በድምሩ 44 ቀን ይሆናል። ልደትን ታኅሣሥ 29 ቀን እናከብራለን፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 መሆኑ ነው። እኔ የምኖርበት አገር ሰዎች ግን ዲሴምበር 25 ያከብራሉ፤ ያ ዕለት በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል። ስለዚህ በእነርሱ ፍስክና በእኛ ፍስክ መካከል ዐሥራ ሦስት ቀን አለ። እኔም የምጽፍላችሁ በእነዚያ ዐሥራ ሦስት ቀናት አካባቢ ስላጠፋሁት ጥፋትና ስለ አንድ ቆርቆሮ ኩኪስ ነው።

የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ ከአክስቴ ቤት ነው። በዚህች ከተማ ኢትዮጵያዊ ብዙ ስለሆነ የጾም ምግብ ማግኘት አይቸግርም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዲሴምበር የፈተና ወር ነው፤ ፈተናው ሲያልቅ በየቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ የኩኪስ ትሪ ይደረደራል። ቅቤና እንቁላል የሌለበት የለም። የለውም ሲባል እንኳ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሕፈት በጥቃቅኑ ስታነብቡት አጓት ይገኝበታል። እኔ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝና ጽሕፈት ማንበብ አልተቸገርሁም፤ እንዲያውም የማንበብ ችሎታዬ ትንሽ ሳያኮራኝ አልቀረም።

ከቤታችን በስተቀኝ አንዲት አዛውንት አሜሪካዊት ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ የበዓላቸው ዋዜማ አመሻሽ ላይ በክብ ቆርቆሮ ሞልተው የቸኮላት ኩኪስ ለጎረቤት ያድላሉ። ኩኪሱ ውስጡ ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ከዘራ የታጠፈው ቀይና ነጭ ከረሜላ ተከስክሶ ይነሰነስበታል፤ ፔፐርሚንት የሚሉት ማለት ነው። ፔፐርሚንት ሻይ ውስጥ የምንጨምረው የናና ቅጠል ዘመድ ነው፤ ሽታው ግን ይበረታል። አክስቴ መጀመሪያ ስታሸተው «ከጥርስ ሳሙና ጋር ነው እንዴ የጋገሩት?» ብላ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከደብረ ብርሃን በመጣሁበት የመጀመሪያው ክረምት፣ በሩ ሲንኳኳ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ከፈትሁ። በረዶ እየጣለ ነው። አዛውንቷ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት፣ ግቡ ከማለት፣ በዚያን ጊዜ ገና በደንብ ባልለመድሁት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመርሁ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን አሁን ጾም ላይ መሆናችንን፣ ይህ ኩኪስ ቅቤ ስላለበት ወደ ቤታችን እንደማይገባ፣ ትክክለኛው የልደት ቀንም ነገ ሳይሆን ከዐሥራ ሦስት ቀን በኋላ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ቆርቆሯቸውን ይዘው በረዶው ላይ ቀስ እያሉ ተመለሱ። እኔ በሩን ዘግቼ ወደ ውዳሴ ማርያሜ ተመለስሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሃይማኖቴን በሰው አገር መሰከርሁ ብዬ ነበር ያሰብሁት።

አክስቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አንተ ልጅ፥ ባዶ እጃቸውን ሰደድሃቸው?»

«ባዶ እጃቸውን አይደለም፤ ቆርቆሯቸውን ይዘው ነው የሄዱት» አልኋት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ አልሳቀችም። ትንሹ ልጇ በተወለደበት ሌሊት ባለቤቷ የሌሊት ተረኛ ነበር፤ መንገዱም በበረዶ ተዘግቶ ነበር። ምጥ ሲይዛት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ መኪናቸውን ራሳቸው እየነዱ ሆስፒታል ያደረሷት እኒህ ሴት ናቸው። ኩኪሱንም ቢሆን አክስቴ በየዓመቱ ትቀበላቸዋለች፤ አመስግና ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የገና ዕለት ከቅዳሴ መልስ ታወጣዋለች። «አንድም ቀን ጾም አልሻርንበትም፤ አንድም ቀን እርሳቸውን አላሳዘንንበትም» አለችኝ። እኔ ግን መልስ አላጣሁም። የፍትሐ ነገሥቱን አንቀጽ 15 ጠቀስሁላት። እርሷም «ይሁን፥ ዲያቆን» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በፊት በቤት ውስጥ ዲያቆን ብላኝ አታውቅም ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ረስቼው እቀር ነበር። በቀጣዩ እሑድ ግን ለሕፃናት ክፍል ስለ ጾም ሳስተምር ይህንኑ ታሪክ ለምሳሌ አነሣሁት። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ በትምህርት ቤታቸው የገና ድግስ ሲደረግ ኬኩና ኩኪሱ ይዞራል፤ እነርሱ ብቻ «አይ፥ አመሰግናለሁ» ይላሉ። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ስለዚህ ላበረታታቸው ፈልጌ «እኔም እንዲህ ብዬ መለስኋቸው» አልሁ። የሴትዮዋን ድምፅ ሳይቀር አስመስዬ አሳየኋቸው። ልጆቹ ሳቁ።

ከጥምቀት በኋላ የአንዷ ሕፃን እናት ከቅዳሴ መልስ ጠበቀችኝ። ልጇ ስምንት ዓመቷ ነበር። በክፍሏ ከሁሉ የምትወዳት አንዲት አሜሪካዊት ጓደኛ ነበረቻት። ልጅቱ ከእናቷ ጋር የጋገረችውን ኩኪስ ስትሰጣት የእኛዋ ሕፃን እጇን መታ አድርጋ «የእናንተ ገና የውሸት ነው፤ ምግባችሁም ወደ ቤታችን አይገባም» አለቻት። ጓደኛዋ አለቀሰች፤ መምህርቷም ወላጆችን ጠራች። እናትየው ይህን ስትነግረኝ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም እጄን ለመሳም ጎንበስ ብላ ነበር። «ብቻ፥ ዲያቆን ነው እንዲህ ያደረገው ስላለችኝ ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን እንደመለስሁላት አላስታውስም። የሕፃኗ ቃል ግን የእኔ ቃል እንደነበር ወዲያው ዐውቄዋለሁ፤ ቃል በቃል የእኔው ነበር።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እየተናገርሁም በመካከሉ ራሴን ስከላከል እሰማው ነበር። ጾሙ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መሆኑን፣ ማላላት እንደማይገባ ወዘተ ደረደርሁ። እርሳቸው እስክጨርስ ጠብቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፥ በራብ ዘመን ኤልያስን የመገበችው መበለት የየት አገር ሰው ነበረች?»

መልሱን ዐውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሰራፕታ የሲዶና ከተማ ናት፤ ሴቲቱ እስራኤላዊት አልነበረችም። በማድጋዋ የቀራት እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር (1ኛ ነገ. 17)። ነቢዩ ከእርሷ እጅ በላ። ጌታችንም በናዝሬት ምኩራብ ይህችኑ መበለት ባነሣ ጊዜ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተቆጡ ሉቃስ በምዕራፍ 4 ጽፎልናል። የነቢያትን ጾም እየጾምሁ ከነቢያት አንዱ ያደረገውን አላስተዋልሁም።

አባታችን ይህን ካሉ በኋላ ወደ ማቴዎስ ምዕራፍ 23 ቁጥር 23 መሩኝ። ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ከጥቃቅን ቅመም ሳይቀር ዐሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው የሚወቅስበት ቦታ ነው። ዐሥራቱን ተዉ አላለም፤ ያንንም ሳይተዉ ይህን ማድረግ ይገባቸው እንደነበር ነው የነገራቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ይህን ምንባብ ጾምን በሚያቃልሉ ሰዎች ላይ ስጠቅሰው ነበር የኖርሁት። ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር ቆጠቆጠኝና የግሪኩን ንባብ ፈለግሁ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ከቅመሞቹ የመጀመሪያው «አዝሙድ» ተብሎ ተተርጉሟል። በግሪኩ ሄዲዮስሞን ይለዋል፤ ትርጉሙ መዓዛው ጣፋጭ ማለት ሲሆን የተክሉ ስም ናና ነው። ናና! ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ሴትዮዋን በር ላይ ያቆምኋቸው በናና ምክንያት ነበርና።

አባታችን ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ አዝዘውኝ ነበር። አልሄድሁም። ዛሬ ነገ እያልሁ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፋሲካ አለፈ፤ ክረምቱ ወጣ። ስንተላለፍ አንገቴን ደፍቼ ሰላምታ እሰጣቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በትሕትና ይመልሱልኛል። ሰውን በእንግሊዝኛ ማስተማር ያላፈርሁ ሰው በእንግሊዝኛ ይቅርታ መጠየቅ አፈርሁ። ሁለተኛው ዲሴምበር መጣ። ዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ መጽሐፍ ይዤ ሳሎን ተቀመጥሁ፤ በእያንዳንዱ ኮቴ ቀና እላለሁ። ቆርቆሮው አልመጣም። በቀኙ በኩል ያለው ቤት መብራቱ በርቶ ነበር። በገና ዕለት የአክስቴ ልጅ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ሲመለከት አክስቴ ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም ወደ እርሷ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ጾሙ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው እንደምንም ብዬ ያንኳኳሁት። በመንገዴ ላይ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሲከፍቱ ሁሉም ጠፋኝ። «ኩኪሱን እንዴት እንደሚጋግሩት ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብቻ ነበር የወጣኝ። ከዚያ በኋላ ነው ይቅርታው የመጣው፤ ያውም ተቆራርጦ። እርሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛዋ እርሳቸው እንደሆኑ ያስቡ ኖረዋል። የተከለከለ ምግብ ወደ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ ቤት በማምጣታቸው ያዋረዱኝ መስሏቸው፣ ዳግመኛ እንዳያሳዝኑን ብለው ነው የተዉት። ይህን ሲነግሩኝ የሚገባ መልስ አጣሁ። እርሳቸው ግን ወዲያው ወደ ማድ ቤት እየመሩኝ «ቅቤውን በምን እንተካዋለን?» አሉኝ።

የምግቡ አሠራር ዳር ዳሩ በቢጫነት በወየበ ካርድ ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ከግማሽ ኩባያ ጥቂት የሚበልጥ ካካዎ፣ አንድ ኩባያ ተኩል ስኳር፣ አንድ ኩባያ ቅቤ፣ ሁለት እንቁላል፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጥቂት ጨው፣ የፔፐርሚንት ቅመም። ከዚህ ሁሉ የሚያጾመን ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለእንቁላሉ መፍትሔ ነበረኝ፤ እናቴ ከደብረ ብርሃን የላከችልኝ የተወቀጠ ተልባ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ ይለጋል፤ ለአንድ እንቁላልም ይተካል። አገራችን በጾም ሲጠጣው የኖረው ተልባ የአሜሪካን ኩኪስ ያያይዛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ትሪ ተበላሸ። በቅቤው ፋንታ የጨመርሁት ተራ የምግብ ዘይት ነበር። ዘይት በክፍሉ ሙቀት ፈሳሽ ስለሆነ ሊጡን አይዘውም፤ ኩኪሱ ምድጃው ውስጥ ተዘርግቶ እርስ በእርሱ ተጣብቆ እንደ አንድ ሰፊ ቂጣ ወጣ። የተልባው ሽታም በርትቶ ነበር፤ እናቴ ቆልታ ነዋ የወቀጠችው። አዛውንቷ ግን እያሸተቱ «ይህስ ጥሩ ነው» አሉ፤ ለእኔ ብለው እንደሆነ አላውቅም። በማግሥቱ የኮኮናት ዘይት ገዝቼ መጣሁ። እርሱ ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚረጋ እንደ ቅቤ ይመታል። ቅቤ ከመቶው ሃያ ያህሉ ውኃና ሌላ ነገር ስለሆነ፣ የኮኮናቱን ዘይት ወደ ሦስት ሩብ ኩባያ ዝቅ አደረግሁት። ተልባውን ወደ ያልተቆላ ቀየርን። በ350 ፋራናይት፣ ማለትም በ177 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ለዐሥር ደቂቃ ጋገርነው። ከረሜላው ከመጋገሩ በፊት ከተነሰነሰ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ኩኪሱ ከምድጃው እንደወጣ፣ ገና ትኩስ ሳለ ነው የሚነሰነሰው። ከረሜላውን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ በመዳመጫው እንጨት ስወቅጠው አዛውንቷ ጠረጴዛቸው እንዳይሰነጠቅ ሠጉ፤ ሙቀጫ ላይ ያደግሁ መሆኔን ነገርኋቸው።

የፔፐርሚንቱ ቅመም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ውስጡ ያለው ሜንቶል አፍን የሚያቀዘቅዘው በእውነት ቀዝቅዞ ሳይሆን ቅዝቃዜን የሚያውቀውን የነርቭ መቀበያ ስለሚነካው ነው፤ ይህን መቀበያ በሜንቶል ካገኙት መካከል ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ናቸው። ይህን ስተነትንላቸው አዛውንቷ በትዕግሥት ሰሙኝ። ማስተማር ልማዴ መሆኑን በዚያው የተረዱት ይመስለኛል። እርሳቸውም በበኩላቸው ከዘራው ከረሜላ የእረኞችን በትር እንደሚያመለክት፣ ቀይ መስመሩም የክርስቶስን ደም እንደሆነ ነገሩኝ። ይህ ትርጓሜ በኋላ የመጣ እንጂ ከረሜላው ለዚያ እንደተሠራ የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ የለም፤ ይህን ቀደም ሲል አንብቤ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። እረኞቹን ማሰባቸው ምን ከፋኝ?

ኩኪሱ ሲበርድ አንድ ችግር ተፈጠረ። የሚቀምሰው ሰው ጠፋ። ሰዓቱ ገና ሰባት ነበር፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ለአዛውንቷ አንድ አንሥቼ ስሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ መለሱ። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ከዚህ ኩኪስ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ ወደ አፋቸው አላስገቡም። የሚወዱት ባለቤታቸው ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላም መጋገሩን አልተዉትም፤ ለሌላ ሰው ብቻ ይጋግሩታል። ቆሜ ትሪውን ተመለከትሁ። እኔ በር ላይ ስለ መከልከል ያስተማርኋቸው ሴት ይህን ሁሉ ዓመት በገዛ ምድጃቸው ፊት ተከልክለው የኖሩ ናቸው፤ ለማንም አልነገሩም።

በመጨረሻ የአክስቴን ትንሽ ልጅ ጠራነው። አምስት ዓመቱ ስለሆነ ገና ጾም አልጀመረም። ሌሊቱን መኪና ያሽከረከሩለት ልጅ መሆኑ ነው። ሁለት በልቶ «የጥርስ ሳሙና ይላል» ብሎ ፈረደ፤ ሦስተኛውንም አነሣ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ልትጠይቁኝ የምትችሉትን አልሸሽም። በጾም ወቅት ጣፋጭ መጋገር የጾምን መንፈስ አያፈርስምን? ያፈርሳል፤ ሊያፈርስ ይችላል። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ባዘነ ጊዜ የተወው ሥጋና ወይን ብቻ አልነበረም፤ የሚጣፍጠውንም ምግብ ትቷል (ዳን. 10፥2-3)። የንስሐ አባቴም ስነግራቸው «የጾም ነው እያልህ ሆድህን የምታስደስትበት ከሆነ የቀየርኸው ቅቤውን ብቻ ነው» ብለውኛል። በሮማውያን ካቶሊኮች ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1636 አንቶንዮ ዴ ሌዮን ፒኔሎ የተባለ ሰው ቸኮላት መጠጣት ጾም ይሽራል ወይስ አይሽርም በሚለው ጥያቄ ላይ በማድሪድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከዚያም በ1664 አንድ ካርዲናል አይሽርም ሲል ጽፏል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ አሾፍሁባቸው። ቆይቼ ግን የአጓትን ስም በጥቃቅኑ ጽሕፈት ስፈልግ የኖርሁ እኔ በምን አንደበቴ እንደማሾፍ ታየኝ። እኔ ከጾሙ ኩኪስ ያስቀረሁት የለም፤ ግማሹ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናት፣ ግማሹ በትምህርት ቤታቸው ለሚጋብዟቸው ጓደኞቻቸው ነበር። በድግሱ ቀን የሚሰጡት ነገር በእጃቸው ይኑር ብዬ ነው። ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሁልጊዜ «አይ» ከማለት፣ ሰጪ ሆኖ «እንካ» ማለት ለልጅ ይቀልለዋል።

በዚያው እሑድ ለክፍሉ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀድሞ ያሳቅኋቸውን ታሪክ ከነመጨረሻው ተረክሁላቸው። ያቺ ሕፃን አሁን ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እጇን አነሣች።

«ታዲያ ያን ጊዜ ዋሽተኸን ነበር?»

«አልዋሸሁም፤ ተሳስቼ ነው ያስተማርኋችሁ» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና «እርሷ እኮ ትምህርት ቤት ቀይራለች» አለች። ጓደኛዋን ማለቷ ነው። የት እንደገባች አታውቅም። በላስቲክ የተጠቀለለውን ኩኪስ ስሰጣት ተቀበለችኝ፤ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ለማን እንደሰጠችው አልጠየቅኋትም። እናቷን ግን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ በዚህኛው አልዘገየሁም።

የአዛውንቷ ቆርቆሮ በዋዜማው መጣ። ቅቤውም እንቁላሉም ያለበት፣ እንደ ካርዱ የተጋገረው ዋናው ነው። በሁለት እጄ ተቀብዬ ግቡ አልኋቸው፤ አክስቴ በጾም ወጥ እንጀራ አቀረበችላቸው፤ ሽሮውን ወደዱት። ቆርቆሮው ወደ በረዶ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥራ ሦስት ቀናት ማቀዝቀዣውን በከፈትሁ ቁጥር ይታየኛል፤ ሽታው በክዳኑ አልፎ ይወጣ ነበር። ከዚህ በፊት ጾሜ ይህን ያህል ከብዶኝ አያውቅም፤ ወድጄው ግን ነበር።

የልደት ሌሊት ቅዳሴው አልቆ ቤት ስንደርስ ገና አልነጋም። ዶሮው ወጥቶ፣ ልጆቹ ተሰብስበው፣ ቆርቆሮው ተከፈተ። ጠንክሮ ነበር፤ ጥቂት አቆየነው። ከናናው ጋር የቸኮላቱ ቅቤ አፌ ውስጥ ሲቀልጥ ስለ ነርቭ መቀበያው አላሰብሁም።

የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስምና አክስቴ ቆርቆሮውን አጥባ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሳ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ አስገባችበት። ስኳር የለበትም፤ ጥቁር አዝሙድ ግን አለበት። ይዤ ሄድሁ። አዛውንቷ ፎጣውን ገልጠው አሸተቱት፤ ጥቂት ቆርሰው ቀመሱና በጥርሳቸው የነካቸውን ጥቁር ፍሬ በጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ አደረጉት።

«ይህስ ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። ሦስት ጊዜ ያህል ሞከሩት፤ በሦስተኛው ሊሆንላቸው ምንም አልቀራቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።